የማይፋቅ መስመር
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥዕል ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር



 የሥዕል ማኅበራችን በእናንተ ፊት ቆሜ እንድናገር መርጦኛል። ከማኅበሩ አባሎች መካከል በእጁ ሥራ እኔን የሚበልጠኝ ብዙ ነው፤ ለመናገር የተመረጥሁት ምናልባት ከሁሉ ይልቅ ብዙ ወረቀት ያበላሸሁት እኔ ስለ ሆንሁ ይሆናል።

ባለፉት ሦስት ቀኖች በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የሰቀልናቸውን ሥዕሎች ብዙ ሰው መጥቶ ተመልክቶልናል። ከነዚያም መካከል፣ በበሩ አጠገብ፣ የእኛ ሥራ ያልሆነች የአንዲት ትንሽ ሥዕል ግልባጭ ነበረች። በብዕርና በቀለም ብቻ የተሣለች፣ ክንዷን አስደግፋ የተቀመጠች የአንዲት ወጣት ሴት መልክ ናት። አንዳንድ እንግዶች «ይህች ያላለቀች ሥዕል ለምን ተሰቀለች?» ብለው ጠየቁን። አንድ አባት ግን ዝም ብለው ጥቂት ጊዜ ሲመለከቷት ቈይተው፣ «ይህች ልጅ ደክሟታል» አሉና ሄዱ። የዛሬው ንግግሬ ለጠየቁን እንግዶች መልስ ነው፤ እኒያ አባት ግን መልሱን ማንም ሳይነግራቸው አግኝተውታል።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አያቴን ለመሣል ተነሣሁ። አያቴ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምረው ያሳደጉኝ ናቸው። ያላቸው ፎቶግራፍ ለመታወቂያ ደብተር የተነሡት አንድ ብቻ ነው፤ በርሱም ላይ ፊታቸው ፍርድ ቤት እንደ ቀረበ ሰው ደንግጦ ይታያል። ስለዚህ ያማረ ሥዕል ሠርቼ፣ በመስተዋት አስከድኜ ላበረክትላቸው አሰብሁ። እርሳቸውም የክት ነጠላቸውን ለብሰው በርጩማ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡልኝ።

እኔ እርሳስና ላጲስ ይዤ ጀመርሁ። አፍንጫውን ሠራሁ፤ ፋቅሁ። ዓይኑን ሠራሁ፤ ፋቅሁ። እጄ ስለ ፈራ አንዱን መስመር በአንድ ትንፋሽ ማውጣት አቅቶኝ፣ በአምስትና በስድስት ትንንሽ ጭረት እየቀጣጠልሁ አስኬደው ነበር። ደግሞም ለማሳመር ብዬ የግንባራቸውን መጨማደድ ቀነስሁ፤ ጕንጫቸውን ሞላ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሣስቶ ከአገጩ ላይ ተቀደደ። የተቀደደውን ከኋላ በወረቀት ለጥፌ ሰጠኋቸው። አያቴ ሥዕሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡትና፣

«እሰይ ልጄ፤ አሳምረኸኛል። ግን ይህች ሴት ማን ናት?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን ዕረፍት ነሣኝ። ከዓይን እስከ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ያለው ርቀት በሚገባ ተለክቶ ነበር። ታዲያ የጐደለው ምን ነበር? ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩን ለሥዕል መምህራችን አጫወትኋቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይመልሱልኝ አንድ መጽሐፍ ከፍተው ይህችን ሥዕል አሳዩኝና፣ «መስመሮቹን ቍጠራቸው» አሉኝ።

እኔም መቍጠር ጀመርሁ። የልብሷ መስመሮች ተምታቱብኝና ተውኋቸው፤ ወደ ፊቷ ስመጣ ግን ከገመትሁት እጅግ ያነሱ ሆነው አገኘኋቸው። እኔ በአያቴ ፊት ላይ ስንትና ስንት ጭረት ጨርሼ ያላገኘሁትን፣ ይህ ሰው በጥቂት ጭረት አግኝቶታል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ የሰው ፊት ስሜት የሚገኘው ከመስመር ብዛት አይደለም፤ ሠዓሊው በሚገባ አይቶ ከቈረጠው መስመር ነው። ያላየ ሰው መስመር ያበዛል፤ ያየ ሰው ግን የት እንደሚያቆም ያውቃል።

አሁን ሠዓሊው ማን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ሥዕሏን የሣላት አልብሬሕት ዱረር የሚባል የጀርመን አገር ሰው ነው። በ1471 ዓ.ም. ኑረምበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ስለ ነበር፣ ልጁም በመጀመሪያ የተማረው ይህንኑ የአባቱን ሙያ ነው። ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በብር ወይም በወርቅ ላይ በስለታም መቅረጫ መስመር የሚያወጣ ልጅ፣ እጁ አንድ ጊዜ የሳተ እንደ ሆነ ዕቃው ተበላሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይን ሥራውን መጨረስ እንዳለበት ገና በልጅነቱ ይማራል። በ1484 ዓ.ም.፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በመስተዋት እያየ የራሱን መልክ በብር ጫፍ ሣለ። የብር ጫፍ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ የሚተወው መስመር እንደ እርሳስ መስመር በቀላሉ የሚፋቅ አይደለም። ያ የልጅነት ሥዕሉ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

በ1486 ዓ.ም. ሚካኤል ቮልገሙት ለሚባል የከተማው ሠዓሊ ተሰጥቶ ሦስት ዓመት ተማረ። ከዚያም በ1490 ዓ.ም.፣ በዘመኑ የባለሙያ ልማድ መሠረት፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሥራ ሊለምድ ወጣ። በ1492 ዓ.ም. ማርቲን ሾንጋወር የተባለውን፣ በመስመር ሥራው ስሙ የታወቀውን ሠዓሊ ለማግኘት ኮልማር ደረሰ፤ ነገር ግን ሰውየው ባለፈው ዓመት ሞቶ ነበርና የተቀበሉት ወንድሞቹ ናቸው። መምህሩን በአካል ባያገኘውም ከሥራዎቹ ብዙ ተምሯል። ከተማረውም አንዱ ጥላን የማውጣት ዘዴ ነው፤ ይህም ጎን ለጎን የሚሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች የጕንጭን ወይም የክንድን ጕብጠት ተከትለው እንዲታጠፉ በማድረግ ነው።

በ1494 ዓ.ም. ወደ ኑረምበርግ ተመለሰ። እዚያ የጠበቀው ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንም፤ አባቱና ሐንስ ፍራይ የሚባል የከተማው ሰው ተነጋግረው ኖሮ ለጋብቻ ታጭቶ ነበር። ዱረር ራሱ በጻፈው የቤተ ሰብ ታሪክ እንደሚነግረን፣ ሐንስ ፍራይ ልጁን አግነስን ሰጠው፤ ከርሷም ጋራ 200 ጉልደን ሰጠ። ሠርጉም በዚያው ዓመት ጁላይ 7 ቀን ተደረገ። ዱረር ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቈይ፣ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ወደ ቬኒስ ጕዞ ጀመረ።

በትርኢታችን ላይ ያያችኋት ሥዕል የዚያ ዓመት ሥራ ናት። ዋናዋ ዛሬ በቪየና ከተማ፣ አልበርቲና በሚባለው ቤተ መዘክር ትገኛለች። መጠኗም እጅግ ትንሽ ናት፤ ቁመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ወርዷ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ነው፤ በአጭሩ የአንድ ሰው መዳፍ ይሸፍናታል። በወረቀቷም ላይ ዱረር በገዛ እጁ ሁለት ቃል ጽፎባታል፤ «የእኔ አግነስ» የሚል።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ካልተናገርሁ የቀረው ነገር ግልጽ አይሆንም። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው ብዕር ከዝይና ይህን ከመሰሉ ወፎች ላባ የሚዘጋጅ ነበር፤ ጫፉ ተቀርጾ መካከሉ ይሰነጠቃል። በብዛት የተለመደውም ቀለም ኦክ ከሚባለው ዛፍ ላይ ከሚለቀም እንደ ፍሬ ያለ እብጠት፣ ከብረት ጨውና ከሙጫ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ሲጻፍበት ይጠቍራል፤ ዘመን ሲቈጥር ደግሞ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ከመካከላችን የብራና ጸሐፊ ዘመድ ያለው ሰው ቢኖር፣ የመቃ ብዕር ጠባይ ከዚህ ብዙም የማይርቅ መሆኑን ይመሰክርልኛል። በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ይፋቃል፤ ነገር ግን የተፋቀበት ስፍራ ሻክሮ ለሁልጊዜ ያስታውቃል። በወረቀት ላይ ደግሞ ይህን ያህልም ዕድል የለም።

እንግዲህ እንደዚህ ባለ ብዕር ከተሠራ መስመር ሦስት ነገር ይነበባል። አንደኛው ክብደት ነው፤ እጅ ጫን ሲል የብዕሩ ስንጣቂ ተከፍቶ መስመሩ ይወፍራል፤ ቀለል ሲል ይቀጥናል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ የቸኰለ መስመር ጫፉ እንደ ጅራት ቀጥኖ ያልቃል፤ የዘገየ መስመር ግን ቀለሙ ተጠራቅሞ ይጠቍራል። ሦስተኛው አቅጣጫ ነው፤ ጭረቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ይታወቃል። ስለዚህ የብዕር ሥዕል የተሣለውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ የሣለውንም ሰው ይገልጻል። ሠዓሊው የፈራበት ስፍራ፣ የተጣደፈበት ስፍራ፣ ረጋ ብሎ የተመለከተበት ስፍራ ሁሉ ከወረቀቱ ላይ አይጠፋም።

ይህን ይዘን ወደ አግነስ እንመለስ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ፣ ጻድቁ ሰው ሁለቱ ዓይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ይሣላል፤ ክፉው ሰው ግን በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ከዚህም የተነሣ እኛ የሰውን ጠባይ ከዓይኑ ለማንበብ ለምደናል። በዚህች ሥዕል ግን የሚያየን ዓይን የለም። አግነስ ራሷን ዘንበል አድርጋ ከእጇ ላይ አሳርፋለች፤ የዓይኖቿም ሽፋን ወርዶ ሊከደን ምንም አልቀረውም። ታዲያ እኒያ አባት ያዩት ድካም ከየት ተነበበ?

በመጀመሪያ ከክብደቱ ተነበበ። የተኛ ልጅ ያዘለ ሰው እንደሚያውቀው፣ እንቅልፍ የያዘው ራስ ከነቃ ራስ ይልቅ ይከብዳል። ዱረር ይህን ክብደት ያሳየን ፊቷን በማጥቈር አይደለም። ጭንቅላቷን አዘነበለው፤ እጇንም ከሥሩ እንደ ምሰሶ አቆመው፤ ስለዚህ የምንመለከተው ሰዎች ሸክሙ ከራስ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ክንድ ሲወርድ በዓይናችን እንከተላለን። እኔ አያቴን ስሥል ራሱን ለብቻ፣ አንገቱን ለብቻ ሠርቼ ነበርና፣ ጭንቅላታቸው ምንም የማይከብድ እንደ ፊኛ ያለ ነገር ሆኖ ነበር።

ሁለተኛ ከፍጥነቱ ተነበበ። ልብሷን ስትመለከቱ ጭረቶቹ ረዣዥምና ችኩሎች ናቸው፤ ሠዓሊው እጥፋቱን አንድ በአንድ ሊቈጥር አልፈለገም። ወደ ፊቷ ስትወጡ ግን ጭረቶቹ ያጥራሉ፤ ይለሰልሳሉ። ጫጫታ ካለበት ክፍል ወደ ጸጥታ የመግባት ያህል ነው። ይህ ሰው ልብሱን እየሮጠ ሠርቶ ፊቷ ዘንድ ሲደርስ በጣቱ ጫፍ ሄደ፤ የተኛ ሰው ባለበት ቤት ሁላችንም እንዲሁ እንደምናደርግ ማለት ነው። የዓይኗን ሽፋን ከጫነበት ቢሆን ኖሮ መስመሩ ወፍሮ ያፈጠጠች ሴት በሆነች ነበር።

ሦስተኛ ካልተሣለው ነገር ተነበበ። የፊቷ ትልቁ ክፍል ባዶ ወረቀት ነው። ዱረር ይህን ስፍራ መሙላት አቅቶት አይደለም፤ ብርሃን የሚሆነው ራሱ ወረቀቱ ስለ ሆነ ተወው። ደግሞም ከተያዘው ፀጕሯ ያፈነገጠ ጥቂት ዘለላ ይታያል። ለሰው ለመታየት የተቀመጠች ሙሽራ ብትሆን ኖሮ ፀጕሯን ባስተካከለች ነበር። ያ ያፈነገጠ ፀጕር ሥዕሉ በቤት ውስጥ፣ ሥራ ጋብ ባለበት ሰዓት እንደ ተሠራ ያስታውቀናል።

ምናልባት አንድ ሰው «ዱረር ብዙ መስመር መሥራት ስለማይችል ይሆናል በጥቂት ያለፈው» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ቢኖር ሌላ ሥዕል አሳየዋለሁ። ከዚህ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ዱረር እንዲሁ በብዕርና በቀለም የራሱን ፊት ሥሎ ነበር፤ ይህም ሥራ ዛሬ በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያም ሥዕል ራሱን በእጁ ላይ አስደግፏል። የአቀማመጡ ነገር ከአግነስ ጋራ ይመሳሰላል፤ ስሜቱ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። መዳፉ ጕንጩን ተጭኖ ቆዳውን ወደ ዓይኑ ይገፋዋል፤ ዓይኑም ከመስተዋቱ ውስጥ አፍጥጦ ያየናል። ጭረቶቹ ጥቅጥቅ ያሉና እርስ በርሳቸው የሚተላለፉ ናቸው። «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ራሱን የሚመረምር ወጣት ፊት ነው፤ መስመሩም እንደ ጥያቄው አይረጋም።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው፣ አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ብዕር፣ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ሆኖ ሳለ፣ በአንደኛው መስመሩ ይታገላል፤ በሁለተኛው ያርፋል። ስሜቱን የለየው የአፍንጫና የአፍ ቅርጽ አይደለም፤ የመስመሩ አካሄድ ነው። እኔ ግን ለማንኛውም ፊት አንድ ዓይነት መስመር ነበረኝ፤ እርሱም የፍርሃት መስመር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አግነስ አንድ ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም ሥዕሏ ከትምህርት አልፋ ፍርድም ታስተምረናለችና ነው። ዱረር በ1528 ዓ.ም. ሞተ። ከሞተ በኋላ የልብ ወዳጁ የነበረው ቪሊባልድ ፒርክሃይመር በጻፈው ደብዳቤ አግነስን ክፉኛ ከሰሳት፤ ለገንዘብ ስትል ባሏን ሥራ አስበዝታ፣ ልቡን አስጨንቃ ለሞት አበቃችው አለ። በዚህ አንድ ደብዳቤ ምክንያት ይህች ሴት ለብዙ ዘመን ነዝናዛና ስስታም እየተባለች ስሟ ሲነሣ ኖረ። እርሷ ለራሷ የጻፈችው መልስ አልደረሰንም።

ነገር ግን ሌላም ማስረጃ አለ። ባሏ በቬኒስ ሲቀመጥ የታተሙ ሥዕሎቹን ይዛ ወደ ፍራንክፈርት ገበያ እየሄደች የሸጠችለት እርሷ ናት። ልጅ አልወለዱም፤ ሆኖም 34 ዓመት ያህል በትዳር ኖረዋል። በ1521 ዓ.ም. አብረው ወደ ኔዘርላንድ አገር ተጕዘው ሳሉ፣ ዱረር የአገሩን ልብስ ለብሳ ሣላት፤ በሥዕሉም ላይ በጋብቻ 27 ዓመት እንደ ኖሩ ጻፈበት። ዓመቱን ቈጥሮ የሚጽፍ ባል እንዴት ያለ ባል እንደ ሆነ እናንተ ፍረዱ። እርሷም በመበለትነቷ ጊዜ ከቀረላት ገንዘብ በቪተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር የሥነ መለኮት ተማሪ መደጐሚያ ሰጥታለች። ይህን በትምህርት ቤት በዓል ላይ ሳላነሣው ብቀር ነውር በሆነብኝ ነበር።

እኔ ሥዕል ፍርድ ቤት ነው አልልም። አንድ ሥዕል የአንድ ሰዓት ምስክር ነው እንጂ፣ የ34 ዓመት ትዳር ሊመሰክር አይችልም። አግነስ አንዳንድ ጊዜ ተቈጥታ ይሆናል፤ እርሱም አስቀይሟት ይሆናል። ነገር ግን በ1494 ዓ.ም. በአንድ ቀን፣ ገና በደንብ ያልተላመዳት ባሏ፣ ድካሟን ሳይቀሰቅሳት ተመልክቶ፣ «የእኔ» ብሎ ጽፎባታል። የደብዳቤው ቃል ተሰምቶ ኖሯል፤ የመስመሩም ቃል መሰማት ይገባዋል። ስለ አንድ ሰው የተነገረንን ብቻ ይዘን እንዳንፈርድ፣ ሰውየውን ራሱን ተቀምጠን እንድናየው ያስተምረናል።

ወደ አያቴ ልመለስና ንግግሬን ላሳጥር። በጥር ወር አንድ ቀን አያቴ ሌሊቱን ለቅሶ ቤት አድረው ጧት ተመለሱ። ተኙ ብንላቸው እምቢ ብለው ቡና አቀረቡ። ጀበናው እሳት ላይ ሳለ፣ ክንዳቸውን በጕልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ራሳቸው ቀስ በቀስ እየዘነበለ ሄደ። እኔ በዚያ ሰዓት የሒሳብ የቤት ሥራ እየሠራሁ ስለ ነበር በእጄ የነበረው እስክሪብቶ ነው፤ ወረቀቴም የመስመር ደብተር ነው። ላጲስ አልነበረኝም፤ ብፈልገውም አይጠቅመኝም። ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ ያለውን ጊዜ ብቻ አገኘሁ። ከዚያም ጊዜ የሚበልጠውን በማየት ጨረስሁት። ክብደቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ተመለከትሁ፤ ከነጠላቸው ጥቂት እጥፋት፣ ከፊታቸውም ጥቂት መስመር ወሰድሁ፤ ጀበናው ገነፈለ፤ እኔም አቆምሁ።

አፍንጫቸው ረዝሞብኛል። አንደኛው እጅ ጣቱ አራት ብቻ ነው። ሆኖም ከሰዓት በኋላ ዐርፈው ሲነሡ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። በዚህ ጊዜ ማን ናት ብለው አልጠየቁኝም።

«ተኝቼ ሳለሁ ምን አየህ?» አሉኝ።

«ድካምዎን፣ እማማ» አልኋቸው።

ዝም አሉ፤ ቈይተውም፣ «እርሱንስ ማንም አላየልኝም ነበር» አሉ።

ያንን የደብተር ወረቀት በትርኢቱ ላይ ለመስቀል ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ፤ ሰው ሳያውቅ የተሣለ መልክ ያለ ፈቃዱ ለአደባባይ ሊወጣ አይገባውምና። እርሳቸውም ፈቀዱልኝ። ከአግነስ ቀጥሎ በአራተኛው ስፍራ ተሰቅሏል። አፍንጫው ረዝሟል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። አያቴም ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከወላጆች ጋራ ተቀምጠዋልና፣ አፍንጫውን እያያችሁ ልታስተያዩት ትችላላችሁ።

ለጓደኞቼ፣ በተለይ ሥዕል ለምትጀምሩ ታናናሾቼ፣ ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ልናገር። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ላጲሳችሁን ከቤት አስቀምጡና በብዕር ብቻ ሣሉ። የማይፋቅ መስመር መጀመሪያ ያስፈራል፤ በኋላ ግን ከመሣላችሁ በፊት እንድታዩ ያስገድዳችኋል። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለሥዕልም ይሠራል። ሁለተኛ፣ ከዓይንና ከአፍ አትጀምሩ፤ የሰውየው ክብደት የት እንዳረፈ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ሦስተኛ፣ ሰውን ለማሳመር ብላችሁ መልኩን አትለውጡበት፤ በመጨማደዱ ውስጥ የኖረበት ዘመን አለ። አራተኛ፣ ሥዕሉ «በቃኝ» ሲላችሁ ስሙት።

በመጨረሻ ማኅበራችን ለሚመጣው ዓመት ያሰበውን አሳውቄ ልፈጽም። በዚህ የበዓል መጽሐፍ የመምህራንና የተመራቂዎች ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በየማለዳው በሩን የሚከፍቱልን ዘበኛ፣ ደወል የሚደውሉልን፣ የመማሪያ ክፍላችንን የሚጠርጉልን እናቶች ፎቶግራፋቸው በማንም መጽሐፍ ወጥቶ አያውቅም። በየቀኑ በፊታቸው እናልፋለን፤ አይተናቸው ግን አናውቅም። እኛ የማኅበሩ አባሎች ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ እያንዳንዳቸውን በብዕርና በቀለም ልንሥላቸው፣ ሥዕሎቹንም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ልናበረክት ወስነናል። አንዳንዱ አፍንጫ ይረዝም ይሆናል። ነገር ግን ከ500 ዓመት በላይ ካለፈባት ከአንዲት ትንሽ ወረቀት እንደ ተማርነው፣ ተቀምጦ በሚገባ ማየት ራሱ አንድ የአክብሮት ሥራ ነው።